ላባቸው ያስፈጃቸው ውብ አእዋፍ የትና መቼ ይታያሉ?

እ.ኤ.አ. በ1886 ፍራንክ ቻፕማን የተባለ አሜሪካዊ የአእዋፍ ተመራማሪ በኒውዮርክ የገበያ ጎዳናዎች ላይ እየተዘዋወረ ወፍ ቆጠረ፡፡ የቆጠረው ግን ዛፍ ላይ ያረፈውን ሳይሆን የወይዛዝርት ባርኔጣ ላይ የተሰፋውን ነው፡፡ ካያቸው 700 ባርኔጣዎች ውስጥ 542ቱ በላባ ወይም በሙሉ የደረቀ ወፍ ያጌጡ ነበሩ፡፡ በነዚህ ባርኔጣዎች ላይ ብቻ 40 ዝርያዎችን ለይቶ መዝግቧል፡፡

በዚያን ዘመን ላባ በክብደት ሲመዘን ከወርቅ የበለጠ ያወጣ ነበር፡፡ ኢግሬት የሚባሉት ነጫጭ የውኃ ወፎች ቀጫጭኑን ጌጠኛ ላባ የሚያበቅሉት በመራቢያ ወራቸው ስለሆነ፣ አዳኞች ወላጆቹን ጎጆአቸው ላይ ይገድሏቸዋል፤ ጫጩቶቹም በረሃብ ያልቃሉ፡፡ ይህን በመቃወም እ.ኤ.አ. በ1889 ኤሚሊ ዊሊያምሰን የተባለች እንግሊዛዊት ማንቸስተር አካባቢ በሚገኘው ቤቷ የጀመረችው የሴቶች ማኅበር ዛሬ በእንግሊዝ ስመ ጥር የሆነው የአእዋፍ ጥበቃ ድርጅት መነሻ ነው፡፡ ቦስተን ውስጥ ደግሞ ሐሪየት ሄመንዌይና ሚና ሆል የተባሉ ሁለት ዘመዳሞች እ.ኤ.አ. በ1896 የከተማዋን ወይዛዝርት ሻይ እየጋበዙ ባለላባ ባርኔጣ እንዲተዉ ያግባቡ ነበር፡፡ እንግሊዝ ላባ ወደ አገሯ እንዳይገባ በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው፡፡

በዓለማችን ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ የወፍ ዝርያዎች አሉ፡፡ ከእነዚህ መካከል እጅግ ያሸበረቁት ትናንት ለባርኔጣና ለቀፎ ይታደኑ የነበሩ ናቸው፡፡ ዛሬ ደግሞ ያው ቀለማቸው ውቅያኖስ አቋርጦ፣ የርቀት መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በሌሊት ተነስቶ ጫካ የሚገባ እንግዳ ያመጣል፡፡ እንግዳው የሚከፍለው ገንዘብ በአንዳንድ ቦታ ጫካውን አቁሞታል፤ በሌላው ቦታ ገና አልደረሰም፡፡ ቀጥለን የምናያቸውን አእዋፍ የመረጥናቸው ስለ ውበታቸው ብቻ ሳይሆን ይህንን ልዩነት ስለሚያሳዩም ጭምር ነው፡፡

ቀለሙ ከየት ይመጣል?

ወፉን ለማየት የት ቆመን፣ በስንት ሰዓት እንደምንጠብቅ የሚወስነው የቀለሙ ዓይነት ስለሆነ አስቀድመን ስለ እሱ ጥቂት እንበል፡፡

የወፍ ቀለም በሁለት መንገድ ይፈጠራል፡፡ አንደኛው ላባው ውስጥ በሚገኝ ማቅለሚያ ንጥረ ነገር ነው፡፡ የፍላሚንጎ ሮዝ ቀለም ከምትመገበው አልጌና ጥቃቅን የውኃ እንስሳት የሚገኝ ሲሆን፣ ተገቢውን ምግብ ካላገኘች እየነጣች ትሄዳለች፡፡ ሁለተኛው መንገድ የላባው ጥቃቅን አሠራር ብርሃንን ሲበትን ወይም ሲያንፀባርቅ የሚፈጠር ቀለም ነው፡፡ ብዙዎቻችን ሰማያዊ ወፍ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ይመስለናል፡፡ ነገር ግን ላባውን ብንፈጨው ሰማያዊነቱ ይጠፋና ቡናማ ዱቄት ይቀራል፡፡

በአሜሪካ አህጉራት ብቻ የሚገኙት ወደ 360 የሚሆኑ የሃሚንግበርድ ዝርያዎች የዚህ ሁለተኛው ዓይነት ዋነኛ ማሳያ ናቸው፡፡ ጉሮሮው ጥቁር መስሎ የታየን ወፍ ራሱን ትንሽ ዞር ሲያደርግ እሳት ይመስላል፡፡ ስለዚህ ልምድ ያለው ተመልካች ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ ይቆማል፡፡ ፀሐይ ፊት ለፊቱ ሆና ለሚያይ ሰው የዓለም ውብ ወፍ እንኳ ጥቁር ጥላ ነው፡፡

እግር የሌላቸው ወፎች

የማጄላን መርከበኞች የዓለምን ዙር ጉዞ ፈጽመው እ.ኤ.አ. በ1522 ስፔን ሲገቡ ለንጉሡ ከተላኩት ስጦታዎች መካከል የጥቂት ወፎች ቆዳ ይገኝበት ነበር፡፡ የላባው ውበት አውሮፓውያንን ያስደነቀውን ያህል፣ ወፎቹ እግር የሌላቸው መሆኑ ግራ አጋባቸው፡፡ እግሩን የቆረጡት ቆዳውን ያዘጋጁት የደሴቶቹ ነዋሪዎች ነበሩ፡፡ ይህን ያልተረዱት አውሮፓውያን ግን ወፎቹ ምድር ሳይነኩ በሰማይ እየተንሳፈፉ ጤዛ ይመገባሉ ብለው አመኑ፤ የገነት ወፎች የሚለው ስያሜም በዚያው ጸና፡፡ ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ለትልቁ ዝርያ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት "እግር የለሽ" የሚል ትርጉም ያለው ቃል ነው የሰጠው፡፡ እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አልፍሬድ ራስል ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1857 አሩ ደሴቶች ላይ ሕያዋኑን በዱራቸው ተመልክቶ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1862ም ሁለት ሕያው ወፎችን ይዞ ለንደን ገባ፡፡ የሚያሳዝነው ይህ ዕውቀት ንግዱን አለማቆሙ ነው፡፡ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከኒው ጊኒ በዓመት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ቆዳዎች ይላኩ ነበር፡፡

የገነት ወፎች ከ40 በላይ ዝርያዎች አሏቸው፡፡ የሚገኙትም በኒው ጊኒ፣ በዙሪያዋ ባሉ ደሴቶችና በምሥራቅ አውስትራሊያ ነው፡፡ የሚያጌጠው ወንዱ ነው፡፡ ሴቷ በአብዛኛው ቡናማ ላባ ለብሳ፣ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ የሚጨፍሩላትን ወንዶች ታወዳድራለች፤ መራጯ እሷ ናት፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት አንዳንዶቹ ወንዶች ያላቸው ጥቁር ላባ ከሚያርፍበት ብርሃን እስከ 99.95 በመቶ የሚሆነውን ውጦ እንደሚያስቀር አሳይቷል፡፡ እንዲህ ባለ ጥቁረት አጠገብ ያለ ትንሽ ሰማያዊ ላባ መብራት የበራበት ይመስላል፡፡ በነገራችን ላይ ቲም ላማንና ኤድዊን ስኮልስ የተባሉት ባለሙያዎች በጊዜው የታወቁትን 39 ዝርያዎች በሙሉ ፎቶ ለማንሳት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ስምንት ዓመትና 18 ጉዞ ፈጅቶባቸዋል፡፡ አንድ ሳምንት ፈቃድ ወስዶ ሁሉንም አያለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ይህን ቢያስታውስ ጥሩ ነው፡፡

ለጀማሪ ቀላሉ ቦታ ከፖርት ሞርስቢ ብዙም የማይርቀው ቫሪራታ ብሔራዊ ፓርክ ነው፡፡ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ባንዲራ ላይ የሚታየው ራጂያና የተባለው ዝርያ ወንዶች ጎህ ሲቀድ አንድ ዛፍ ላይ ተሰብስበው ሲጨፍሩ ይታያሉ፡፡ ሁለተኛው አማራጭ በኢንዶኔዥያ ሥር የሚገኙት የራጃ አምፓት ደሴቶች ናቸው፡፡ ዋይጌዮ ደሴት ላይ የዊልሰን የገነት ወፍ ይገኛል፡፡ የራስ ቅሉ ላባ የሌለው ሰማያዊ ቆዳ፣ ጀርባው ቀይ፣ ማጅራቱ ቢጫ፣ ጅራቱ ደግሞ እንደ ሽቦ የተጠቀለለ ነው፡፡ ከድንቢጥ እምብዛም የማይበልጠው ይህ ወፍ የሚጨፍርበትን መሬት ቅጠል በቅጠል እየለቀመ ያፀዳል፡፡ መደበቂያ ውስጥ ተቀምጦ ይህን ማየት ጭፈራውን የማየት ያህል ያዝናናል፡፡

በፓፑዋ ኒው ጊኒ መሬት 97 በመቶ ያህሉ በልማድ የጎሳዎች ይዞታ ነው፡፡ ይህ ማለት የጭፈራው ዛፍ ዕጣ የሚወሰነው ሩቅ ባለ መሥሪያ ቤት ሳይሆን በባለ ርስቱ ጎሳ ነው፡፡ ጎሳው ከጎብኚ የሚያገኘው ከጣውላ ኩባንያ ከሚያገኘው ካልተወዳደረ ዛፉ ይቆረጣል፡፡ እንግዲህ ለመንደሩ አስጎብኚ የሚከፈለው ገንዘብ በዛብኝ የሚል ጎብኚ ምን እየገዛ እንደሆነ የገባው አይመስለንም፡፡

ገንዘብ የተሰየመበት ወፍ

የጓቲማላ ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ኬትዛል ይባላል፤ ስያሜው የአገሪቱ ብሔራዊ ወፍ ነው፡፡ ወንዱ ኬትዛል ከላይ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ ከሆዱ ደማቅ ቀይ ሲሆን ከራሱ ቁመት የሚበልጥ ጭራ መሰል ላባ ይጎትታል፡፡ ማያዎችና አዝቴኮች ላባውን ለነገሥታት ዘውድ ይጠቀሙበት ነበር፤ ወፉን መግደል ግን ወንጀል ነበር፡፡ በሌላ አነጋገር ከባርኔጣ ነጋዴዎቹ ይልቅ እነሱ ያስቡበት ነበር ማለት ይቻላል፡፡

ዛሬ ኬትዛልን በቀላሉ ማየት የሚቻለው ጓቲማላ ውስጥ ሳይሆን ኮስታሪካ፣ ሳን ሄራርዶ ዴ ዶታ በተባለው ሸለቆ ነው፡፡ ምክንያቱ ከአቮካዶ ጋር የተያያዘ ነው፡፡ ወፉ በዋናነት የሚመገበው የአቮካዶ ዘመድ የሆነ ትንሽ የዱር ፍሬ ነው፤ ፍሬውን ከነፍሬ ድንጋዩ ይውጥና ድንጋዩን መልሶ ይተፋዋል፡፡ በዚህም ዛፉን ይተክላል፡፡ ፍሬው በየከፍታው በተለያየ ጊዜ ስለሚበስል ወፉም ተራራውን ይወጣል፣ ይወርዳል፡፡ የሸለቆው ገበሬዎች የዱር አቮካዶውን በግጦሽ መሬታቸው ላይ ትተው፣ ወፉ ሲመጣ እንግዳ ይቀበላሉ፡፡ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ባለው የመራቢያ ወቅት፣ ጠዋት ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ፍሬ የያዘ ዛፍ ሥር መቆም ነው፡፡

ኮስታሪካ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የደን ሽፋኗ ወደ አንድ አራተኛ አካባቢ ወርዶ ነበር፤ አሁን ከግማሽ በላይ ሆኗል፡፡ እርግጥ ነው ይህን ያመጣው የወፍ ተመልካች ብቻ አይደለም፡፡ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ዛፍ ለጠበቀ ባለ መሬት ክፍያ መፈጸሙ፣ የከብት ሥጋ ዋጋ መውረዱም ድርሻ ነበራቸው፡፡

በቀቀኖቹና ገበሬው

ትልልቆቹ የደቡብ አሜሪካ በቀቀኖች፣ ማካዎች፣ የተጎዱት ከባርኔጣ ይልቅ በቀፎ ነው፡፡ ከሁሉ የሚተልቀው ጥልቅ ሰማያዊው ሃያሲንት ማካው ከምንቃሩ እስከ ጅራቱ ጫፍ አንድ ሜትር ይደርሳል፡፡ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብቻ ለቤት እንስሳት ንግድ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ከዱር እንደተያዙ ይገመታል፡፡ ዓለም አቀፍ ንግዱ እ.ኤ.አ. በ1987 ታገደ፡፡ ኔይቫ ጌዴስ የተባለች ብራዚላዊት ባዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1990 ፓንታናል በተባለው ረግረጋማ አካባቢ የጀመረችው ሥራ ወፎቹን ከጥፋት አፋፍ መልሷቸዋል፡፡

እዚህ ላይ አንድ የተፈጥሮ ቀልድ አለ፡፡ ሃያሲንት ማካው በፓንታናል ጎጆውን የሚሠራው ማንዱቪ በተባለ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል፡፡ የዚህን ዛፍ ዘር በዋናነት የሚበትነው ባለ ትልቅ ምንቃሩ ቶኮ ቱካን ነው፡፡ ያው ቱካን ደግሞ የማካውን እንቁላል ከሚበሉት ዋነኛው ነው፡፡ ቱካኑን ቢያባርሩት ቤት ይጠፋል፤ ቢተዉት እንቁላል ይጠፋል፡፡ ባለሙያዎቹ ሰው ሠራሽ ሣጥኖችን ዛፍ ላይ እየሰቀሉ ነገሩን ለማቻቻል ሞክረዋል፡፡ ፓንታናል የሚታየው በደረቁ ወቅት፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ነው፡፡

ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ማካዎችን በአንድ ላይ ማየት የሚፈልግ ወደ ፔሩ፣ ታምቦፓታ ይሂድ፡፡ ጎህ ሲቀድ በመቶ የሚቆጠሩ በቀቀኖች የወንዝ ገደል ላይ ተለጥፈው አፈር ይበላሉ፤ ከአፈሩ የሚፈልጉት በአብዛኛው ጨው እንደሆነ ጥናቶች ያመለክታሉ፡፡ ዝናብ ከጣለ አይመጡም፤ ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ጠዋት መያዝ ያስፈልጋል፡፡

ኢኳዶር ውስጥ ሚንዶ አካባቢ ያለው አንሄል ፓስ ታሪክ ግን ለብቻው ይነገር፡፡ ሰውየው ዛፍ ቆርጦ የሚኖር ገበሬ ነበር፡፡ በመሬቱ ላይ ባለው ጫካ ውስጥ "የዓለት አውራ ዶሮ" የሚባሉት፣ ራሳቸው ላይ ግማሽ ክብ ጉትዬ ያላቸው ደማቅ ቀይ ወፎች ተሰብስበው እንደሚጨፍሩ አስተዋለ፤ እነሱን ለማየት የሚከፍል ሰው መኖሩንም ተረዳ፡፡ ቀጥሎ ጃያንት አንትፒታ የተባለችውን፣ ብዙ ተመልካቾች ዕድሜ ልካቸውን ፈልገው የማያገኟትን ዓይን አፋር ወፍ ትል እየወረወረላት አላመዳት፤ ማሪያ ብሎም ጠራት፡፡ "ማሪያ፣ ነይ ነይ" ሲላት ከጫካ ትወጣ ነበር፡፡ ይህ ገበሬ ዛሬ ከዓለም ዙሪያ እንግዳ ይቀበላል፤ ጫካውም አለ፡፡

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ

ለስብሰባና ለሥልጠና ናይሮቢ የሚመላለስ አንባቢ ብዙ ስለሆነ ፍላሚንጎዎችን ሳናነሳ አናልፍም፡፡ ብዙ ሰው የሚያውቀው ናኩሩ ሐይቅ ነው፡፡ ነገር ግን ካለፈው አሥር ዓመት በፊት ጀምሮ የናኩሩ ውኃ ከፍ እያለ ጨዋማነቱ ሲቀንስ አብዛኞቹ ሸሽተዋል፤ በመሆኑም ቦጎሪያ ሐይቅን መሞከር ይሻላል፡፡ የእኛው አብያታ ላይ የደረሰው የዚህ ተቃራኒ ነው፡፡ ገባር ወንዞቹ ለመስኖ፣ ውኃው ለሶዳ አሽ ምርት ሲወሰድ ሐይቁ ወደ ውስጥ ሸሸ፤ ጨዋማነቱ ሲጨምር ዓሦቹ አለቁ፡፡ ጎረቤቱ ሻላ ደሴቶች ላይ እየተራቡ አብያታ ላይ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩት ነጫጭ ፔሊካኖችም ማዕዳቸውን አጡ፡፡

ካርማይን ንብ በል የሚባለውን፣ እንደ በርበሬ የቀላ ወፍ በሺዎች ሆኖ ገደል ሲቆፍር ለማየት ዛምቢያ፣ ሉዋንግዋ ሸለቆ በመስከረምና በጥቅምት መሄድ ነው፡፡ የሰሜኑ ዘመዱ ግን አዋሽ ፓርክ ውስጥም አለ፡፡ ትልልቅ የሜዳ ወፎች ጀርባ ላይ ተፈናጥጦ፣ ሲራመዱ ከሣሩ የሚያስነሷቸውን ነፍሳት ይለቅማል፡፡

አሁን ወደ ቱራኮ እንምጣ፡፡ ቀደም ሲል የወፍ አረንጓዴና ሰማያዊ በአብዛኛው የብርሃን ሥራ ነው ብለናል፡፡ ቱራኮዎች ግን ለየት ይላሉ፤ የክንፋቸው ቀይና የሰውነታቸው አረንጓዴ መዳብ ከያዙ፣ በሌላ ወፍ ላይ እምብዛም ከማይገኙ ማቅለሚያዎች የተሠራ ነው፡፡ ከቱራኮዎች ሁሉ ደግሞ በዓለም ላይ በደቡብ ኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ አንድ አለ፤ የልዑል ሩስፖሊ ቱራኮ፡፡

ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄንዮ ሩስፖሊ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲጓዝ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1893 ዝሆን ገደለው፡፡ ዕቃው ጣሊያን ሲደርስ ከስብስቡ ውስጥ መቼና የት እንደተያዘ ያልተጻፈበት የወፍ ቆዳ ተገኘ፡፡ ሳልቫዶሪ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1896 በሟቹ ስም ሰየመው፡፡ ወፉ የት እንደሚኖር ግን እስከ 1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ለሳይንስ እንቆቅልሽ ነበር፡፡ ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ነገሌ ቦረና ዙሪያ፣ በገናሌ ወንዝ ዳርና አሬሮ ጫካ ውስጥ ሾላና ዝግባ ሲያፈራ ይገኛል፡፡ የሚለየው በነጭ ጉትዬውና ዓይኑ ዙሪያ ባለው ቀይ ነው፡፡ መኖሪያው ለእርሻ፣ ለማገዶና ለከሰል እየተመነጠረ ነው፡፡ ጫካው ሲሳሳ ነጭ ጉንጩ ቱራኮ ወደ ግዛቱ ይገባል፤ ሁለቱ ሲዳቀሉም ታይተዋል፡፡

ይህን ወፍ ለማየት የውጭ ጎብኚ ረጅም መንገድ ይጓዛል፡፡ ከሚያወጣው ውስጥ ሾላውን ሳይቆርጥ ላቆየው ገበሬ እጅ የሚገባው ስንት ነው? በእኛ እምነት አንሄል ፓስን የመሰለ ሰው በገናሌ ዳር የማይወጣበት ምክንያት የለም፡፡ ወፉ ከኢኳዶሩ ያነሰ ውበት የለውም፤ በዚያ ላይ ሌላ አገር ሄዶ ማየት አይቻልም፡፡

ነገሌ ድረስ መሄድ ያልቻለ አዲስ አበባ ውስጥ መጀመር ይችላል፡፡ በ1,000 ብር የሚገኝ መነጽር አንመክርም፤ 8 በ42 የሚል ጽሑፍ ያለበት ደህና መነጽር ከተገኘ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፡፡ ወፎችን በድምፃቸው የሚለየውን መርሊን የተባለ ነፃ የስልክ መተግበሪያ መጫንም ይጠቅማል፤ የወፉን ድምፅ በስልክ እያጫወቱ ከጎጆው ማስወጣት ግን ነውር ነው፡፡ እንጦጦ ላይና ያረጁ ዛፎች ባሉባቸው ግቢዎች ስሙን ከተከዜ ወንዝ ያገኘው፣ ሐምራዊ የሚያብረቀርቀው ታካዜ ሰንበርድ አበባ ሲቀስም፣ ግንባረ ቀዩ ትንሽ በቀቀን በቡድን ሲበር ይታያል፡፡ ነጭ ጉንጩ ቱራኮም ጽድ በሚያፈራበት ሁሉ አለ፡፡ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ጥሩ ነው፡፡ መጀመሪያ የሚሰማው ጎርናና ድምፁ ነው፤ ቀጥሎ አረንጓዴው አካሉ እንደ ሽኮኮ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ሲሮጥ ይታያል፡፡ ቀዩ በታጠፈው ክንፍ ውስጥ የተሸሸገ ስለሆነ ካሜራውን አዘጋጅቶ ወፉ ቅርንጫፉ ጫፍ እስኪደርስ መጠበቅ ነው፤ ወደሚቀጥለው ዛፍ ሲነሳ ለሁለትና ሦስት ሰከንድ ይታያል፡፡